የቀኝ ጉልበቱ መሻገሪያ

በጦር ኮሌጁ የታሪክ ትምህርት ክፍል ውስጥ ታሪክ ያልተማረ ሰው አንድ ብቻ ነበር። ክፍሉን ያስጠራው ግን እሱ ነው። ማዕረጉ ሃምሳ አለቃ፣ የሥራ መደቡ «የማስተማሪያ መርጃ አዘጋጅ»፣ የሚጠራበት ደግሞ «አሸዋው» ነው። ከበር ጠባቂው እስከ ኮሌጁ አዛዥ ድረስ ሌላ ስም እንዳለው የሚያስታውስ ሰው አልነበረም። እሱ ራሱ ፎርም ሲሞላ ትንሽ ቆም ብሎ ያስባል ይባላል።

ሥራው እንዲህ ነው። በክፍሉ አዳራሽ መሃል አራት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነ፣ ወገብ ድረስ የሚደርስ የእንጨት ሳጥን አለ፤ ውስጡ አሸዋ ነው። የአሸዋ ገበታ ይሉታል። አስተማሪዎቹ አንድ የድሮ ውጊያ ሊያስተምሩ ሲሉ ካርታውን ለሃምሳ አለቃው ይሰጡታል። እሱ አሸዋውን በአበባ ማጠጫ ያረጥበዋል፣ በሾርባ ማንኪያ ይቆልለዋል፣ በቀለም ብሩሽ ያስተካክለዋል። በማግስቱ ዕጩ መኮንኖቹ ሲገቡ ተራራው፣ ወንዙ፣ ድልድዩ ቁልጭ ብሎ ይጠብቃቸዋል። የታረሰ ማሳ የሚሠራው በሚስቱ ማበጠሪያ ነው። ጫካው አረንጓዴ የተነከረ ስፖንጅ ነው። አንድ ጊዜ ከክብሪት እንጨት በሠራው ድልድይ ላይ አንድ ወፍራም ጄኔራል ጎንበስ ብለው «ስንት ቶን ይሸከማል?» ብለው ቢጠይቁት፣ «ከእርስዎ በቀር ሁሉንም፣ ጌታዬ» ሊል ምንም አልቀረውም ነበር። እግዜር አተረፈው፣ ከጉሮሮው መለሰው።

አሸዋው እየተከተለው ቤት ይገባል። ከኪሱ ይወጣል፣ ከካልሲው ይወጣል፣ አንዳንዴ ከጆሮው ይወጣል። ሚስቱ በየጠዋቱ አንሶላ ስታራግፍ «ወታደር ያገባሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ያገባሁት የባሕር ዳርቻ ነው» ትላለች። ይህን ቀልድ ሃያ ዓመት ሙሉ ደጋግማዋለች፤ እሱም ሃያ ዓመት ሙሉ ስቋል። ትዳር ማለት ይኸው ነው።

የታሪክ ክፍሉ ከኮሪደሩ መጨረሻ፣ ከወጥ ቤቱ አጠገብ ያሉ ሦስት ክፍሎች ናቸው። በሩ ላይ በትልልቅ ፊደል «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚል ተጽፏል። ኃላፊው ኮሎኔል ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽር የሚፈልጉ ሰው። ስለ ውጊያ ሲያወሩ የሚይዙት የሚጨብጡት ይጠፋቸዋል፤ ጠመኔ ይሰብራሉ፣ ወንበር ላይ ይወጣሉ፣ አንድ ቀን የፈረሰኛ ጥቃት ሲያሳዩ ቁም ሳጥን ጥሰው ገብተዋል። ከእሳቸው ሌላ ጸሐፊዋ አለች። የዓመቱን ሪፖርት የምትጽፈው እሷ ስለሆነች፣ በክፍሉ ውስጥ የሆነ ነገር ሁሉ እሷ ቁጥር ካልሰጠችው እንደሆነ አይቆጠርም። «የተከናወኑ ተግባራት» ብላ ትጀምርና ከተራ ቁጥር አንድ ትወርዳለች።

ከተራ ቁጥር አንድ ላይ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የማይነሣ አንድ ጉዳይ ነበር፤ የተረተሩ መሻገሪያ።

ነገሩን ከሥሩ እናንሣው። ከስልሳ ስምንት ዓመት በፊት የላይኞቹ ጦርና የታችኞቹ ጦር የሚባሉ ሁለት ጦሮች እንደ አጥር በተጋደመ አንድ ረጅም የተራራ ተረተር ሥር ተገናኙ። የታችኞቹ አዛዥ ተረተሩን ተሻግሮ ጠላቱን ከኋላ መምታት ሲገባው፣ ሦስት ቀን ከሥሩ ተቀምጦ፣ በአራተኛው ቀን ጦሩን ወደ ወንዙ ድልድይ ነዳው። ድልድዩ ላይ ሁለት መቶ ሰው አለቀበት። ውጊያው ትንሽ ነው፤ በመጽሐፍ ከሁለት መስመር በላይ የሰጠው የለም።

ኮሎኔሉ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት አዲስ የመጡ ሻለቃ ነበሩ። ይህን ውጊያ በማግሥቱ ላስተምር ብለው ካርታውን ለሃምሳ አለቃው ሰጡት። ጊዜው አጭር ነበር። አሁን ሳጥኑ ላይ ጣውላ አጋድሞ በዚያ ላይ ተንፏቆ ነው መሃሉን የሚሠራው፤ ያን ቀን ግን ጣውላው ለሌላ ሥራ ተወስዶ ነበር። ሰውየው ደግሞ አጭር ነው። መሃሉ ጋ ለመድረስ ቀኝ ጉልበቱን ከሠራው ተረተር ላይ አሳርፎ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ማዶ ያለውን ጫካ ተከለ። ሲነሣ ተረተሩ ላይ የጉልበቱ ጉድጓድ ቀረ። ሊደፍነው ማንኪያውን አንሥቶ ሳለ ሻለቃው ገቡ።

ቆሙ። ጎንበስ አሉ። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ።

«አሃ» አሉ፤ «መሻገሪያው ይኸውልህ። እኔስ መኖሩን ስጠረጥር ነበር። መሻገሪያ እያለው ነዋ ያልተሻገረው።»

ሃምሳ አለቃው ማንኪያውን እንደያዘ ቀረ። በጦር ሠራዊት ውስጥ የኖረ ሰው፣ አንድ ሻለቃ «መሻገሪያ ነው» ሲል «የለም፣ ጉልበቴ ነው» አይልም። ደግሞም አሰበ፤ እኚህ ሰው የተማሩ ናቸው፣ ያነበቡት ይኖራል፤ እኔ ያለኝ ጉልበት ነው፣ እሳቸው ያላቸው መጽሐፍ ነው። ጉልበቴ ትክክለኛው ቦታ ላይ ቢያርፍስ ምን ይታወቃል?

«አዎ ጌታዬ» አለ።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ የሆነውን ጸሐፊዋ ብትዘረዝረው ይሻላል። ሻለቃው «ያልተሻገረው አዛዥ» የሚል የመቶ ሃያ ገጽ ጥናት ጻፉ፤ የመጀመሪያው ሥዕል የአሸዋ ገበታው ፎቶግራፍ ነው፣ መሻገሪያው በቀስት ተመልክቷል። ጥናቱ ተሸለመ፤ የነሐስ ጋሻው እስከ ዛሬ ግድግዳው ላይ ጠመም ብሎ ተሰቅሏል። ሻለቃው ኮሎኔል ሆኑ። ከዕጩ መኮንኖች አምስት የመመረቂያ ጽሑፎች ተጻፉ። አንዱ አዛዡ ፈሪ ነበር አለ። ሌላው ከምክትሉ ጋር ተኳርፎ ነበር አለ። ሦስተኛው «የመንጋጋ ጥርስ ሕመም በአመራር ውሳኔ ላይ ያለው ተጽዕኖ» በሚል ርዕስ ሰማንያ አራት ገጽ ጻፈና በማዕረግ ተመረቀ። በየዓመቱ በሁለት ቡድን ክርክር ይደረጋል፤ ዋንጫው የሚሰጠው አዛዡን አብልጦ ለረገመ ቡድን ነው። ከሌሎች ኮሌጆች እንግዶች መጥተው መሻገሪያው ላይ ጣታቸውን ቀስረው ፎቶ ይነሣሉ።

ሃምሳ አለቃው በየዓመቱ ተረተሩን በጥንቃቄ ይሠራል፤ ከዚያ ቀኝ ሱሪውን እስከ ጭኑ ይጠቀልልና፣ ግራ ቀኙን አይቶ፣ ጉልበቱን ያሳርፋል። በማንኪያ ሞክሮት ነበር። ኮሎኔሉ «ዘንድሮ መሻገሪያው ትንሽ ተለወጠብኝ» አሉት።

ታዲያ ለምን ሄደው አላዩትም ትሉ ይሆናል። ቦታው ሩቅ ነው፤ እስከ አምና ድረስ መንገድ አልነበረውም። ደግሞም አሸዋው በጥላ ሥር ተሰናድቶ እያለ አቧራ ሊልስ ማን ይሄዳል? ያየው ሰው አልጠፋም ነበር። እሱ ደግሞ የሚኖረው እዚያው ሃምሳ አለቃው ቤት ነው።

የሚስቱ አባት የሰማንያ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ናቸው። በሃያ ዓመታቸው ከታችኞቹ ጦር ጋር ከዚያ ተረተር ሥር ነበሩ። ከስድስት ዓመት በፊት የታሪክ ክፍሉ የአዛውንት ወታደሮችን ድምፅ በካሴት ሲሰበስብ፣ ሃምሳ አለቃው ደረቱን ነፍቶ አማቱን ይዞ ሄደ። ሽማግሌው ገበታው ዳር ቆመው አሸዋውን ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ መሻገሪያውን በከዘራቸው ጫፍ አመለከቱ።

«ይኼ የለም» አሉ።

ኮሎኔሉ በትሕትና ወንበር ሳቡላቸው። «አባባ፣ ጊዜው ረጅም ነው፤ ይረሳል» አሏቸው። ሽማግሌው ወደ አማቻቸው ዞሩ።

«አንተ ካርታው ላይ አይተኸዋል?»

ኮሎኔሉ እያዩት ነው፤ ዕጩ መኮንኖቹ እያዩት ነው። «አይቻለሁ አባባ፣ አለ» አለ። ሽማግሌው ከዘራቸውን ወደ መሬት መልሰው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ጸሐፊዋ ካሴት ቁጥር አርባ አንድ ላይ «ምስክሩ በዕድሜ ምክንያት ዘንግተዋል» ብላ ለጠፈችበት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው ሌላ ሰው ሆኑ። ሻይ እየጠጡ ድንገት «የለም» ይላሉ። ሰው ቤት ተጠርተው ሄደው፣ ስለ ዝናብ እየተወራ «የለም፣ የለም» ይላሉ። ሰፈሩ «አባ የለም» የሚል ስም አወጣላቸው። ሃምሳ አለቃውም፣ መቼስ ሰው ነው፣ አማቱ ሲጀምሩ ለእንግዶች ዐይኑን ይጠቅስ ነበር።

የክፍሉ ሃያኛ ዓመት ሊከበር ወር ሲቀረው ኮሎኔሉ እንደ ሕፃን እየዘለሉ አዳራሽ ገቡ።

«መንገዱ ተሠርቷል፤ አውቶቡስ ተፈቅዷል። ዕጩ መኮንኖቹን ይዘን መሻገሪያው ላይ እንቆማለን። አንተንም እዚያው በሰልፍ መሃል እንሸልምሃለን፤ ሜዳሊያው ጸድቋል» አሉት።

ሃምሳ አለቃው ደስ አለው። ከደስታው ብዛት ነው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልጠየቀውን የጠየቀው።

«ጌታዬ፣ ለመሆኑ መሻገሪያው የትኛው መጽሐፍ ላይ ነበር?»

«ምን መጽሐፍ አመጣህ? መጽሐፍ ላይማ ስለሌለ አይደል ግኝት የሆነው። ከካርታው ያወጣኸው አንተ ነህ። የምስጋናው ገጽ ላይ ጽፌልህ የለ እንዴ፣ ‹ለካርታ ንባብ ችሎታው› ብዬ።»

ሃምሳ አለቃው የምስጋናውን ገጽ ከማዕረጉና ከስሙ አሳልፎ አንብቦት አያውቅም። እየሳቀ ወጣ፤ ኮሪደሩ መሃል ሲደርስ ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። ካርታ ክፍል ገብቶ፣ ተረተሩን በቃሉ ስለሚሠራው ለዓመታት ያላየውን የድሮውን ካርታ ዘረጋው። ካርታው ተረተሩ ላይ ነው የሚታጠፈው። እጥፋቱ በልቶት፣ መሻገሪያው አለ በተባለበት ቦታ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያህል ቀዳዳ አለ። በቀዳዳው ጠረጴዛው ይታያል። ከቀዳዳው በዚህም በዚያም ወገን ተረተሩ ወጥ ነው። እሱ ኮሎኔሉ ያውቃሉ ብሎ ነበር፤ ኮሎኔሉ እሱ ያውቃል ብለው ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከእሱ ጉልበት በቀር ምስክር አልነበረም።

ልንገራቸው ብሎ ሄደ። ኮሎኔሉ ሻይ ቀዱለትና የሜዳሊያውን ጽሑፍ አነበቡለት፤ «ለረጅም ዘመን አገልግሎትና ለመልክዓ ምድር ትክክለኛነት» ይላል። ሻዩን ጠጥቶ ወጣ።

በአፍ ካልሆነ በጽሑፍ ልሞክር አለ። በሥርዓቱ «ጉዳዩ፦ የቀኝ ጉልበቴን ይመለከታል» ብሎ ጀመረ። «ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት በሥራ ገበታዬ ላይ እያለሁ ቀኝ ጉልበቴ ባስከተለው ከባድ ችግር…» ብሎ ቀጠለ። ጸሐፊዋ እዚህ ድረስ አንብባ ዐይኗ እንባ አቀረረ፤ ደግ ሴት ናት። ደብዳቤውን «ለክሊኒኩ፣ በአስቸኳይ» ብላ መራችው። በነጋታው ነርሷ ጠርታ ሁለት ቱቦ የሚቀባ መድኃኒትና የሦስት ቀን ቀላል ሥራ ሰጠችው። «እንዴት ችለውት ኖሩ፣ ሃምሳ አለቃ?» አለችው ጉልበቱን እያሸች። እሱ ምን ይበል? አሁን እንኳ ጥሩ ነው አላት።

ስንቅና ሐሰት እያደር ይቀላል ይባላል። የእሱ ግን እያደር ከበደው። ማሳውን ሲያበጥር ማበጠሪያው ከእጁ ይወድቃል፤ ጫካውን ወንዝ ውስጥ ይተክላል። የማይሆን ነገር ለሚስትህ አትንገር የሚለውን ምክር ረስቶ ለሚስቱ ነገራት።

ሚስቱ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ፣ ግድግዳውን እየመታች ሳቀች። «ሰማንያ አራት ገጽ ስለ ጥርስ» ትልና እንደገና ትወድቃለች። እሱም ሳቋ ተጋባበትና አብሯት መሬት ተቀመጠ። ከዚያ ድንገት ወደ አባቷ ክፍል አየች።

«አባዬስ ታዲያ?» አለች።

«ምን አባዬስ?»

«ስድስት ዓመት ሙሉ ስቀንባቸዋል። አውቶቡሱ ላይ ይሄዳሉ። አንተ ደግሞ እዚያ አፍህን ትከፍታለህ።»

«ሜዳሊያዬ፣ ሴትዮ። ኮሎኔሉ፣ ክፍሉ።»

«መድኃኒቱን ተቀብተህ ተኛ» አለችው።

በአውቶቡሱ ውስጥ የነበረው ደስታ ልክ አልነበረውም። ዕጩ መኮንኖቹ ይዘፍናሉ። ኮሎኔሉ መተላለፊያው ላይ ቆመው፣ በየመታጠፊያው ከአንዱ ጭን ወደ ሌላው ጭን እየወደቁ ያስተምራሉ። ስለ ጥርሱ የጻፈው፣ አሁን መቶ አለቃ ሆኖ፣ በክብር እንግድነት ከፊት ተቀምጧል። ጸሐፊዋ ገና ያልተከናወኑትን ተግባራት ከወዲሁ ትመዘግባለች። ሃምሳ አለቃው ከኋላ ከአማቱ ጋር ነበር። ሽማግሌው ክራባት አድርገው፣ ከዘራቸውን ጭናቸው መሃል አቁመው፣ መንገዱን ሁሉ አልተነፈሱም። አማቻቸው ይህን ከኩራት ቆጠረው። ዛሬማ ቀናቸው ነው፤ ወርደው ከዘራቸውን እየወዘወዙ ሁሉንም ልክ ያስገባሉ ብሎ አሰበ።

ተረተሩ ታየ። ከዳር እስከ ዳር ወጥ ነው፤ እንደ ግድግዳ ቆሟል።

«ከመታጠፊያው ወዲያ ነው» አሉ ኮሎኔሉ።

ከመታጠፊያው ወዲያም ያው ነው። ወረዱ። ኮሎኔሉ ጥናታቸውን ከፍተው ሥዕል አንድን ከተረተሩ ጋር አስተያዩ፤ አዙረው አስተያዩ፤ ገልብጠው አስተያዩ። ከዚያ ዕጩ መኮንኖቹን በሦስት ቡድን ከፍለው ፍለጋ ላኩ። የመጀመሪያው ቡድን በአንድ ሰዓት ውስጥ ተመልሶ ምንም የለም አለ። ሁለተኛው ቡድን በሬዲዮ «መሻገሪያው ተገኝቷል» ብሎ አበሠረና ኮሎኔሉ በሩጫ ሄዱ፤ ቡድኑ የከበበው አንዲት ፍየል ሆዷን ወደ ውስጥ ስባ የምታልፍበት ስንጥቅ ነበር። «ጦሩ ያኔ ቀጭን ነበር» አለ የቡድኑ መሪ። ሦስተኛው ቡድን መሻገሪያው በመሬት መንቀጥቀጥ ተደፍኗል የሚል አቋም ይዞ መጣ፤ ለሁለት ተከፍሎ ክርክርም ጀምሯል።

ሃምሳ አለቃው አማቱን አንድ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ አጠገባቸው ቆሟል። ከዘራ የሚወዘውዝ ግን አልነበረም። ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው ፈላጊዎቹን በዐይናቸው ይከተላሉ።

«አገኙት?» አሉ ቀስ ብለው።

«አላገኙትም፣ አባባ።»

«ደህና አድርገው ይፈልጉ በላቸው። በዚያ በቁጥቋጦው በኩልም ይዩ። እኔ በዚያ በኩል ሳልፍ መሽቶብኝ ነበር።»

«እርስዎ? ምን ሲያደርጉ?»

ሽማግሌው ተረተሩን እያዩ ነው የመለሱለት። «እኔ ነኛ የተላክሁት። አዛዡ ጠርቶ ‹አንተ እግረ ቀላል ነህ፤ ይህን ተረተር ከዳር እስከ ዳር እየው፣ መሻገሪያ ካለ ንገረኝ› አለኝ። ሦስት ቀን ዞርኩ። ተመልሼ ‹የለም› አልኩት። ደግሜ እንኳ አልጠየቀኝም፤ አመነኝ። ተነሥቶ ወደ ድልድዩ ሄደ። እዚያ የሆነውን ታውቀዋለህ።» «ስልሳ ዓመት ሙሉ ‹የለም› ያልኩት እውነት ነው ብዬ ተኛሁ። አንተ ካርታው ላይ አይቻለሁ ስትለኝ፣ ለካ አምልጦኝ ነው። ለካ እነዚያን ሁሉ ልጆች የፈጀኋቸው እኔ ነኝ አልኩ። በየቀኑ ነው ይህን ተረተር በሐሳቤ የምዞረው። እዚህ ጋ አየሁ? የለም። እዚያ ጋ አየሁ? የለም። ሰው ያበድኩ ይመስለዋል።»

ሃምሳ አለቃው በእንግዶች መሃል ዐይኑን የጠቀሰባቸው ጊዜያት አንድ በአንድ ትዝ አሉት፤ የሚገባበት ጠፋው። ያን ጊዜ ኮሎኔሉ በላብ ተጠምቀው፣ ሜዳሊያውን በትንሽ ሣጥን ይዘው መጡ። ሰልፍ ተሰለፈ። «መሻገሪያውን በሌላ ቀን እናገኘዋለን፤ ሽልማቱ ግን አይቀርም» አሉ።

ሃምሳ አለቃው ሦስት እርምጃ ወደ ፊት ወጣ። ሰላምታ ሰጠ። ከዚያ ቀኝ ሱሪውን እስከ ጭኑ ጠቀለለ። ሰልፉ ውስጥ አንድ ሰው አስነጠሰ። እሱ በእግሩ ሥር ያለውን ልስልስ አፈር በእጁ ሰብስቦ ረዘም ያለ ክምር ሠራ፤ ዳርና ዳሩን በመዳፉ አስተካከለ፤ ሥራ ነውና እዚህም ላይ አልቸኮለም። ጉልበቱን ክምሩ ላይ አሳርፎ ክብደቱን ጣለበትና ተነሣ።

«ጌታዬ፣ ሥዕል አንድን ይመልከቱልኝ» አለ።

ኮሎኔሉ መጽሐፉን አዩ፤ አፈሩን አዩ፤ ጉልበቱን አዩ። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው እንደገና ከመጀመሪያው አዩ። ጸሐፊዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ደብዳቤው» አለች።

«ያን ቀን ጣውላው አልነበረም፣ ጌታዬ። ልደፍነው ማንኪያ አንሥቼ ነበር፤ እርስዎ ገቡ» አለ ሃምሳ አለቃው። ከዚያ ጀርባውን ለኮሎኔሉ ሰጠ፤ በአገልግሎት ዘመኑ ሁሉ ለአለቃ ጀርባውን ሲሰጥ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። ወደ ሽማግሌው ሄዶ ከፊታቸው በግራ ጉልበቱ ተንበረከከ።

«አባባ፣ ያን ጊዜ የጠየቁኝን እንደገና ይጠይቁኝ።»

ሽማግሌው ረጅም ጊዜ አዩት። «ካርታው ላይ አይተኸዋል?» አሉ።

«አላየሁም፣ አባባ። ካርታው እዚያ ጋ ቀዳዳ ነው። መሻገሪያ የለም። ኖሮም አያውቅም። እርስዎ ደህና አድርገው ነው ያዩት።»

ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው አፈር የተለጠፈበትን ጉልበት ነኩት፤ እንደሚገዙት ነገር አገላብጠው ዳበሱት።

«ይቺ ናት?»

«እሷ ናት፣ አባባ።»

«ይቺ ናት ስድስት ዓመት እንቅልፍ የነሳችኝ?» አሉና፣ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሃምሳ አለቃው ያለቀሱ መስሎት ሊያቅፋቸው ሲል ሳቅ መሆኑን አየ። ሳቁ፤ ክራባታቸውን እያላሉ፣ ጉልበቱን በመዳፋቸው እየመቱ፣ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። መቶ አለቃው የጥርስ ጥናቱን ኮቱ ውስጥ ደበቀ። ከሰልፉ አንዱ መቻል አቃተውና ፈነዳ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሦስቱም ቡድን።

ያልሳቁት ኮሎኔሉ ብቻ ነበሩ። መቶ ሃያ ገጽ፣ አንድ የነሐስ ጋሻ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ጉልበት ሥር ሲደቅ እያዩ፣ ፊታቸው ነጣ ቀላ አለ። ሃምሳ አለቃው ነገሬ አለቀ ብሎ ጠበቀ። ኮሎኔሉ ግን ሜዳሊያውን ኪሳቸው ከተው ወደ ሽማግሌው ተራመዱ፤ እግራቸውን ገጥመው፣ ለአለቃ እንደሚሰጥ ያለ ሰላምታ ሰጧቸው።

«አባባ፣ አዛዡን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፈሪ ስንለው ኖረናል። እርስዎንም ‹ዘንግተዋል› ብለናል» አሉ። ከዚያ ጥናታቸውን ዘግተው ብብታቸው ሥር አደረጉትና ንጹህ ማስታወሻ አወጡ። «ፍለጋውን ከየት ነበር የጀመሩት?»

ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ከዚያ ከዛፉ» አሉ።

ሄዱ። ፊት ፊት ሽማግሌው፣ ቀጥሎ ማስታወሻቸውን የያዙት ኮሎኔል፣ ከኋላ ዕጩ መኮንኖቹ በተራ። በየድንጋዩ ይቆማሉ። ሽማግሌው በከዘራቸው ጫፍ ይጠቁማሉ፤ ሰልፉ በሙሉ ያያል። «እዚህስ?» ይላሉ ኮሎኔሉ። «የለም» ይላሉ ሽማግሌው፤ በእርጋታ፣ እንደ ማንኛውም ቃል። ኮሎኔሉ ይጽፋሉ። ሃምሳ አለቃው ከሁሉም ኋላ ነበር፤ ቀኝ ሱሪውን መልሶ ማውረዱን ረስቶታል።

ሜዳሊያው አልተሰጠም፤ ምን ብለው ይስጡት። የዚያ ዓመት ሪፖርት ላይ ግን ተራ ቁጥር አንድ ተለውጧል። «ከተረተሩ ላይ አንድ መሻገሪያ ተነሥቷል፤ ምስክር፦ ካሴት ቁጥር አርባ አንድ» ይላል። ሽማግሌው አውቶቡስ ውስጥ ገና ከመንገዱ ሳይርቁ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ጭንቅላታቸው አማቻቸው ትከሻ ላይ ወደቀ፤ በሕልማቸው «የለም» አላሉም። ሃምሳ አለቃው ትከሻውን ሳያነቃንቅ ቤት ድረስ ሄደ።